ሩት ነጋ እና በአንድ ክፍል መንገዱን የለወጠው ተከታታይ ድራማ

ዕለቱ ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሆኗል። የሱብሒ ሶላት ጥሪ የሚሰማበት፣ ሙቀቱ ገና ያልበረታበት፣ ከዳቦ ጋጋሪው በቀር ብዙ ሰው ከመኝታው ያልተነሣበት ሰዓት ነው። በዚያው ቅጽበት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች ግን ገና ማክሰኞ ምሽት 3 ሰዓት ነበር። ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ «ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ» ከተሰኘው ሳይንሳዊ ልቦለድ ተከታታይ ድራማ የሁለተኛውን ምዕራፍ አሥረኛ ክፍል ማሳየት ጀመረ።

አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ድራማው ሌላ ድራማ ሆነ። ስለ ሰላዮች ሲተርክ የቆየው ታሪክ፣ የሰው ሥጋና ደም ስለሚለወጥበት ምሥጢር የሚተርክ ሆኖ ለእረፍት ተዘጋ። ለውጡ ከተፈጸመባቸው ሁለት ሴቶች አንዷን የተጫወተችው አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ ናት።

ሩት ነጋ በአብዛኛው የምትታወቀው «ላቪንግ» በተሰኘው ፊልም ባገኘችው የኦስካር እጩነት ነው። ይሁንና በተከታታይ ድራማዎች ዓለም የተለየ ዕጣ ገጥሟታል። በሦስት የተለያዩ ድራማዎች፣ ሦስት ጊዜ፣ ታሪኩ በመዝጊያ ክፍሉ አቅጣጫውን ሲለውጥ እርሷ በስፍራው ነበረች። ሦስቱን ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው የምዕራፍ መዝጊያ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ፣ ዋጋውንም የትኛው ገጸ ባሕርይ እንደሚከፍል ያያል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምዕራፍ መዝጊያ ሥራው ምንድን ነው?

በአሜሪካ ዋና ዋና ጣቢያዎች ልማድ መሠረት አንድ ተከታታይ ድራማ በሴፕቴምበር ይጀምርና በሜይ ይዘጋል። አንዱ ምዕራፍ 22 ገደማ ክፍሎች ይኖሩታል። በመካከሉ፣ በዲሴምበር፣ ለበዓላት ይቋረጣል። እያንዳንዱ መቋረጥ ለጣቢያው ስጋት ነው፤ የሄደ ተመልካች ላይመለስ ይችላልና። ስለዚህ ከእረፍቱ በፊት የሚታየው የመጨረሻ ክፍል ተመልካቹን እንደ ውል አስሮ የማቆየት ግዴታ ይጣልበታል።

በዚህ ረገድ ስሙ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ሳይንሳዊ ልቦለድ ሳይሆን «ዳላስ» የተባለው የቤተሰብ ድራማ ነው። ማርች 21 ቀን 1980 ባለጠጋው ጄ.አር. ኢዊንግ በጥይት ተመታና ምዕራፉ አበቃ። ማን እንደ ተኮሰበት ተመልካች ያወቀው ኖቬምበር 21 ቀን ነው፤ ልክ ከስምንት ወር በኋላ። ይህ ዓይነቱ መዝጊያ ያንጠለጥላል እንጂ አያዞርም። ጥያቄው ሲመለስ ቤተሰቡ ወደ ነዳጁና ወደ ጠቡ፣ ድራማውም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የሚያዞረው መዝጊያ ግን ከዚህ ይለያል። ከእርሱ በኋላ የቀድሞው ድራማ ተመልሶ አይመጣም። «ባትልስታር ጋላክቲካ» ማርች 10 ቀን 2006 ሁለተኛውን ምዕራፍ ሲዘጋ ታሪኩን በአንድ ጊዜ አንድ ዓመት ወደፊት ወረወረው። በጠፈር መርከብ ስለሚሸሹ ሰዎች የሚተርከው ታሪክ በጠላት ወረራ ሥር ስለሚኖር ሕዝብ የሚተርክ ሆነ። «ሎስት» ደግሞ ሜይ 23 ቀን 2007 ተመልካቹ የሰዎቹ ያለፈ ሕይወት እንደሆነ አምኖ ሲከታተል የቆየውን ትዕይንት፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ የወደፊት ሕይወታቸው መሆኑን ገለጠ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የድራማው ዋና ጥያቄ «ከደሴቲቱ እንዴት ይወጣሉ?» መሆኑ ቀርቶ «ለምን መመለስ ፈለጉ?» ሆነ።

ሳይንሳዊ ልቦለድ ለእንዲህ ያለው መዞር ከሌላው የድራማ ዓይነት ይልቅ የተመቸ ነው። በቤተሰብ ድራማ ሰው ይሞታል፣ ይፋታል፣ ይካካዳል፤ የዓለሙ ሕግ ግን እንዳለ ይቆያል። በሳይንሳዊ ልቦለድ የሚለወጠው የዓለሙ ሕግ ራሱ ሊሆን ይችላል። ጊዜ፣ ሥጋ፣ ሞት፣ ሁሉም ለድርድር ክፍት ነው። ችግሩ፣ ደራሲዎች ይህን ኃይል ባገኙ ቁጥር ዘወትር በጥንቃቄ አይጠቀሙበትም።

ከአዲስ አበባ ወደ ሊመሪክ

የአፍሪካ ቀንድ በሳይንሳዊ ልቦለድ ውስጥ የሚታወሰው አብዛኛውን ጊዜ በመልክዓ ምድሩ ነው። ጅቡቲን የጎበኘ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ያለው የአቤ ሐይቅና የኖራ ድንጋይ ጭስ ማውጫዎቹ በ1968 የወጣው «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» የተቀረጸባቸው ስፍራ ናቸው የሚል ወሬ ይሰማል። ወሬው የሚያምር ቢሆንም እውነት አይደለም፤ የዚያ ፊልም በረሃ ያለው በአሜሪካ፣ በአሪዞናና በዩታ ነው። ከዚህ ይልቅ እውነት የሆነው ስፔናዊው ዳይሬክተር ሚጌል ያንሶ በ2015 ያወጣው «ክራምብስ» ነው። ከዓለም ፍጻሜ በኋላ ያለውን ዘመን የሚተርከው ይህ ፊልም የተሠራው በኢትዮጵያ ሲሆን፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ዳንኤል ታደሰ ነው።

በጽሑፍም የጅቡቲው ተወላጅ አብዱራህማን ዋቤሪ በ2006 በፈረንሳይኛ ያሳተመው «በተባበሩት የአፍሪካ መንግሥታት» የተሰኘ ልቦለድ ዓለምን ይገለብጣል። በዚያ መጽሐፍ አፍሪካ ባለጠጋ፣ አውሮፓና አሜሪካ ደግሞ ስደተኛ የሚፈልስባቸው ድኻ አገሮች ናቸው።

ሩት ነጋ ወደዚህ የሥነ ጽሑፍና የፊልም ዘርፍ የገባችው በሌላ በር ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ነበሩ። አራት ዓመት ሲሆናት ከእናቷ ጋር ወደ አየርላንድ ሄደች። ሊከተሏቸው አስበው የነበሩት አባቷ፣ እርሷ ሰባት ዓመት ሲሆናት በመኪና አደጋ ሞቱ። ያደገችው በሊመሪክ ከተማ ነው፤ ኋላም ለንደን ኖረች፣ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የትወና ትምህርት ተከታተለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የአባቷን ስም «ኔጋ» እያሉ ይጠሩታል። አማርኛ የሚሰማ ጆሮ ግን ስሙ ምን እንደሚል አስተርጓሚ አያሻውም፤ ያ ክፍል በካርቲየ 1 ሰማይ ሥር ሊነጋጋ ሲል መታየቱም እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር ነው።

የተሸጠው ኃይል

የመጀመሪያው መዞር የተፈጸመው በብሪታኒያ ነው። በ2009 ኢ4 በተባለው ጣቢያ የጀመረው «ሚስፊትስ» ጥፋት ሠርተው የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጡ የተፈረደባቸው ወጣቶች በእንግዳ ማዕበል ተመትተው ልዩ ኃይል ስለ ማግኘታቸው የሚተርክ ነው። ኃይሉ ክብር የሚሰጥ አልነበረም፤ የእያንዳንዱን ጉድለትና ጸጸት የሚያጎላ ነበር። ከርቲስ የተባለው ወጣት ለምሳሌ በአንድ ስሕተት ሕይወቱ የተበላሸበት ሯጭ ሲሆን፣ ያገኘው ኃይል ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ሩት በሁለተኛው ምዕራፍ ኒኪ የተባለችውን ሴት ሆና ገባች። ኒኪ የሌላ ሰው ልብ ተተክሎላታል፤ ከልቡም ጋር የለጋሹን ኃይል ወርሳለች። ከቦታ ቦታ በቅጽበት ትሰወራለች። ከከርቲስ ጋርም ፍቅር ጀመረች።

ዲሴምበር 19 ቀን 2010 በታየው የገና ልዩ ክፍል ወጣቶቹ ኃይላቸውን ለአንድ ነጋዴ በገንዘብ ሸጡ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ችግር ብቻ ያመጣብንን ነገር ሸጠን እንደ ሰው እንኑር። ነገር ግን በዚያው ክፍል ኒኪ በጥይት ተመትታ ሞተች። ጊዜን መመለስ ይችል የነበረው ከርቲስ አጠገቧ ነበር፤ ኃይሉን ግን ሸጦታል። ክፍሉ ሲያበቃ ወጣቶቹ ሌላ ኃይል ለመግዛት ወደ ነጋዴው ተመለሱ። ሦስተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በአዲስ ኃይሎች ነው፤ ናታን የተባለውን ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ሮበርት ሺሃንም ከድራማው ወጥቶ ጆሴፍ ጊልገን በእርሱ ስፍራ ገባ።

እንደ መዝጊያ ሥራ ሲታይ ይህ እጅግ የተዋጣለት ነው። የድራማው ሕግ የተለወጠበት ምክንያት ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ከገጸ ባሕርያቱ ድካም የመነጨ ነው። ዋጋውን የከፈለችው ግን ከሁሉም ኋላ የመጣችው ሴት ናት። ይህን ነገር ልብ ይሏል፤ ተመልሶ ይመጣልና።

«ምን እሆናለሁ?»

«ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ» ሴፕቴምበር 24 ቀን 2013 ሲጀምር ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ድራማ ነበር። የማርቭል ፊልሞች በሲኒማ ቤቶች ገንዘብ በሚያፍሱበት ዘመን፣ ያንኑ ዓለም በየሳምንቱ ወደ ሳሎን የሚያመጣ የመጀመሪያው ድራማ ነው። ማርቭልም ኤቢሲም የዲዝኒ ንብረት ናቸው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፊል ኮልሰን በ2012ቱ «ዘ አቬንጀርስ» ፊልም ሲሞት የታየ ሰላይ ሲሆን፣ በድራማው ተመልሶ በሕይወት ተገኘ። ክላርክ ግሬግ የሚጫወተው ይህ ሰው ጥቂት ባልደረቦች ይዞ በአውሮፕላን እየዞረ እንግዳ ነገሮችን ይመረምራል።

ድራማው ገና ከመነሻው አንድ እስር ነበረበት። ሺልድ የተባለው የስለላ ተቋም በጠላቶቹ ውስጥ ለውስጥ ተበልቶ እንደሚፈርስ የሚያሳየው ፊልም፣ ሁለተኛው «ካፒቴን አሜሪካ»፣ በአሜሪካ የወጣው ኤፕሪል 4 ቀን 2014 ነው። ድራማው ይህን ምሥጢር አስቀድሞ ማውጣት ስለማይችል 16 ክፍሎችን ጊዜ እየገዛ አሳለፈ። ፊልሙ በወጣ በአራተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 8፣ በ17ኛው ክፍል ተቋሙ በድራማውም ፈረሰ። በስሙ የተሰየመው ተቋም የሌለበት ድራማ ሆነ ማለት ነው። ይህ መዝጊያ ክፍል ባይሆንም የመጀመሪያው መዞሪያ ነበር፤ ትእዛዙም የመጣው ከሌላ ሰው ጠረጴዛ ነው።

ሩት ነጋ የተጫወተቻት ሬይና በአምስተኛው ክፍል ኦክቶበር 22 ቀን 2013 ታየች። የክፍሉ ርእስ ራሱ ስለ እርሷ ነው፦ «ባለ አበባ ቀሚሷ ልጅ»። ሬይና ጦር አታነሣም፣ ካራቴ አታውቅም። ኃይሏ ሰው ምን እንደሚመኝ ማወቅና በለሆሳስ ማናገር ነው። ፈገግ እያለች ሰውን ወደ ጥፋቱ ትመራዋለች። ግን ራሷም የምትመኘው ነገር አላት። ከአያቷ ከሰማይ ስለ ወረዱ ሰማያዊ መላእክት የሰማችውን ተረት በልቧ ይዛ፣ አንድ ቀን ወደ ተለየ ፍጥረት እንደምትለወጥ ታምናለች። ደጋግማ የምትጠይቀውም «ምን እሆናለሁ?» እያለች ነው።

ሜይ 13 ቀን 2014 የታየው የመጀመሪያው ምዕራፍ መዝጊያ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዘሮች ዘርቶ ሄደ። በአንድ በኩል ከሞት በባዕድ ፍጡር ደም የተመለሰው ኮልሰን፣ እንቅልፍ አጥቶ ግድግዳ ላይ የማይታወቁ ምልክቶች ሲቀርጽ ታየ። በሌላ በኩል ሬይና ፊቱ ለማይታይ አንድ ሰው የስካይን ፎቶግራፍ አደረሰች፤ ከሰውየው እጅ ደም ይንጠባጠባል። ስካይ በቡድኑ ውስጥ ያለች፣ ወላጆቿን የማታውቅ ወጣት የኮምፒውተር ሰርሳሪ ናት፤ የምትጫወተው ክሎዊ ቤኔት ነች። ባለ ደሙ እጅ ሰው አባቷ ነው።

ያ የዲሴምበር ምሽት

በሁለተኛው ምዕራፍ ኮልሰን የሚቀርጻቸው ምልክቶች የአንድ ጥንታዊ የምድር ውስጥ ከተማ ካርታ ሆነው ተገኙ፤ ከተማው ያለው በፖርቶ ሪኮ፣ ከሳን ኋን ሥር ነው። ሁሉም የሚፈልገው አንድ የብረት መሣሪያ አለ፤ የነካው ሰው ድንጋይ ሆኖ ይሞታል፣ ከጥቂቶች በቀር። ሬይና ነክታው ተረፈች። በውስጡ አብርቶ ሲመልስላት ፊቷ ላይ የታየው ደስታ፣ አንድ ሰው ሕይወቱን ሙሉ ሲጠብቀው የነበረ ደብዳቤ ሲደርሰው የሚታየው ዓይነት ነው።

አሥረኛው ክፍል፣ «የሚሆኑት ነገር» ሊባል የሚችል ርእስ ያለው፣ ሁሉንም በአንድ ጓዳ ውስጥ ሰበሰበ። ሬይና መሣሪያውን ይዛ ገባች። ስካይ ልታስቆማት ተከተለች። ትሪፕ የተባለው ባልደረባቸው ስካይን ሊያድን ገባ። በሩ ተዘጋ። መሣሪያው ተከፈተና ብርሃናማ ማዕድን ወጣ፤ ጭጋግ ሞላ፤ ሁለቱ ሴቶች በድንጋይ ልብስ ተሸፈኑ። ትሪፕ ስካይ የሞተች መስሎት ማዕድኑን በእግሩ ሰበረ፤ ስብርባሪው ወጋውና እርሱ ደግሞ ድንጋይ ሆነ። ከዚያ የስካይ ሽፋን ተሰነጠቀ። ወጣች። ምድር ተናወጠች፤ የምትነቀንቃት እርሷው ራሷ ናት። ጓደኛዋ በፊቷ አፈር ሆኖ ፈረሰ።

የሬይና ሽፋን ውስጥም የሆነ ነገር ተንቀሳቅሷል። ያየነው ጥቂት ነው፤ ያየነው ግን እሾህ ነበር።

ኤቢሲ ይህን አሳይቶ ለእረፍት ሄደ። በቦታው ከጃንዋሪ 6 ቀን 2015 ጀምሮ «ኤጀንት ካርተር» የተባለ ሌላ የማርቭል ድራማ ታየ። ተመልካቹ ቀጣዩን ክፍል ያገኘው ማርች 3 ቀን፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ነው። በቴሌቪዥን ሰዎች አነጋገር ይህ የምዕራፉ አጋማሽ መዝጊያ እንጂ የምዕራፉ ፍጻሜ አይደለም። ይሁን እንጂ ድራማውን ለሁለት የከፈለው መስመር የሚያልፈው በዚህ ምሽት እንጂ በሜይ አይደለም።

ትእዛዙ ከየት መጣ?

የተለወጡት ሰዎች በማርቭል ኮሚኮች «ኢንሂውማንስ» ይባላሉ። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1965 የፈጠሯቸው፣ ደማቸው በጥንት ዘመን በባዕዳን የተቀየረ ነገዶች ናቸው። ስካይም እውነተኛ ስሟ ዴይዚ ጆንሰን መሆኑ በዚያው ክፍል ተገለጠ፤ ይህ ስም ከ2004 ጀምሮ በኮሚኮቹ ውስጥ ያለ ነው።

ለምን እነርሱ ተመረጡ? አንዱ መልስ የመብት ጉዳይ ነው። ሲወለዱ ጀምሮ ልዩ ኃይል ያላቸው «ኤክስ ሜን» የተባሉት የማርቭል ገጸ ባሕርያት የፊልም መብታቸው በዚያን ጊዜ በትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ እጅ ነበር። ለማርቭል ኢንሂውማንስ ያንኑ ታሪክ በሌላ ስም የሚተርኩበት መንገድ ነበሩ። ሁለተኛው መልስ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ኦክቶበር 28 ቀን 2014 ማርቭል በሆሊውድ የወደፊት ፊልሞቹን ዝርዝር ሲያወጣ «ኢንሂውማንስ» የሚል ፊልም ለ2018 ቀጠሮ ተያዘለት። ያ ክፍል የታየው ከዚህ ማስታወቂያ ልክ በስድስተኛው ሳምንት ነው። ድራማው ለሚመጣው ፊልም መንገድ ጠራጊ ሆኖ ተመደበ ብሎ ማሰብ ለማንም አያስቸግርም።

ፊልሙ ግን አልመጣም። በ2016 ከዝርዝሩ ወጣ። በ2017 በቴሌቪዥን ድራማ መልክ ስምንት ክፍሎች ታይተው ቆመ። በመጨረሻው፣ በ2019፣ ዲዝኒ የፎክስን የፊልም ኩባንያ ሲገዛ የመብቱ ችግርም ጠፋ። የታላቁ ዕቅድ መግቢያ እንዲሆን የታሰበው ክፍል ዕቅዱ ሲፈርስ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ለእኔ ግን ዛሬ ሲታይ የተሻለ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያስተዋውቀው ነገር ስለሌለ የሁለት ሴቶች ታሪክ ብቻ ነው የሚታየው።

አበባውና እሾሁ

ድራማው በማርች ሲመለስ ለሁለቱ ሴቶች እኩል አልፈረደም። ስካይ ምድርን የሚያናውጥ ኃይል አገኘች፤ ፈራች፣ ደበቀች፣ ተሠቃየች። መልኳ ግን የነበረው ነው። እንድትለወጥ ለምና የማታውቀው እርሷ፣ ለውጡን እንደ ጀግና ለበሰችው። ሕይወቷን ሙሉ የለመነችው ሬይና ደግሞ መልአክ እሆናለሁ ስትል ከራስ እስከ እግሯ በእሾህ ተሸፈነች፤ ስትራመድ ሥጋዋን የሚወጋ እሾህ። በአበባ ቀሚስ የገባችው ገጸ ባሕርይ አበባዋ ወድቆ እሾሁ ቀረላት።

ይህን በማያወላዳ ጭካኔ የጻፉት ደራሲዎች ሊመሰገኑም ሊወቀሱም ይችላሉ። የሚመሰገኑት፣ ልዩ ኃይል እንደ ስጦታ ብቻ በሚታይበት ዘርፍ ውስጥ ኃይል እንደ ቁስል ሊመጣ እንደሚችል ስላሳዩ ነው። የሚወቀሱት ደግሞ ይህን ቁስል የተሸከመችው ረዳት ገጸ ባሕርይ ስለሆነች፣ ታሪኳን እስከ መጨረሻው ለመከተል ትዕግሥት ስላጡ ነው። ከሜካፑ ሥር ለሩት ነጋ የቀሩላት ዓይኗና ድምፅዋ ብቻ ነበሩ። በሁለቱ ብቻ የሠራችው ሥራ ግን በዚያ ምዕራፍ ካየሁት ትወና ሁሉ ይበልጣል፤ በተለይም መልኳን ጠልታ ስትሸሽ ድምፅዋ ውስጥ የቀረው ያው የጥንቱ ልስላሴ አንጀት ይበላል።

ኋላ የተገለጠው ኃይሏ የወደፊቱን ማየት ነው። ሜይ 5 ቀን 2015 በታየው ክፍል የስካይ እናት ጂያዪንግ ጦርነት እንደምታመጣ አየች። ልታስቆማት ብትሞክር እንደምትገደል፣ ስካይም የእናቷን እውነተኛ ማንነት የምታውቀው የዚያን ጊዜ እንደሆነ አየች። አይታም ሄደች። ጂያዪንግ ገደለቻት፤ ስካይ አየች። «ምን እሆናለሁ?» ብላ ለጠየቀችው ሴት የተሰጣት መልስ የሌላ ሴት ዓይን መግለጫ መሆን ነው።

ሳምንት ቆይቶ፣ ሜይ 12፣ በሁለት ሰዓት ርዝመት የምዕራፉ እውነተኛ መዝጊያ ታየ። በውጊያው ያ የሚለውጠው ማዕድን ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ ሟሟ፤ ዓሦች በሉት፤ ከዓሦቹም የዓሣ ዘይት ተሠርቶ በእንክብል ለገበያ ወጣ። በምድር ላይ ያለ፣ ሳያውቀው ያ ደም ያለበት ሰው ሁሉ ከመድኃኒት ቤት በገዛው ብልቃጥ ሊለወጥ ይችላል። ሦስተኛው ምዕራፍ የቆመው በዚህች እንክብል ላይ ነው። ብልህ ሐሳብ ነው፤ እንደ ጅቡቲ ባለ የወደብ ከተማ የሚኖር ተመልካች ደግሞ ባሕር ውስጥ የወደቀ ነገር ወዴት ወዴት እንደሚደርስ ማንም አይነግረውም።

ከዚያ በኋላ ድራማው መዞርን ልማድ አደረገው። በሜይ 2017 አራተኛው ምዕራፍ ሲዘጋ ኮልሰን ራሱን በጠፈር ውስጥ አገኘ፤ አምስተኛው ምዕራፍ ወደፊት ዘመን ውስጥ ተጀመረ። በሰባት ምዕራፍና በ136 ክፍሎች ኦገስት 12 ቀን 2020 ተጠናቀቀ። እያንዳንዱ መዞር የራሱ ወዳጆች አሉት። እንደ 2014ቱ ግን በሰው ሥጋ ላይ የተጻፈ ሌላ አላየሁም።

መሪውን የያዘችው

ሩት ነጋ ከእሾሁ ከወጣች በኋላ ሁለት ሥራዎች ተከታትለው መጡላት። አንዱ የጄፍ ኒኮልስ «ላቪንግ» ነው። በዘር ልዩነት ምክንያት ጋብቻቸው ወንጀል የተባለባቸውን፣ ጉዳያቸው በ1967 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታሪካዊ ውሳኔ ያገኘውን ባልና ሚስት የሚተርክ ፊልም ነው። ሚልድረድ ላቪንግን ሆና በመጫወቷ በ2017 ለምርጥ ተዋናይት ኦስካር ታጨች።

ሁለተኛው ሥራ ወደ ርእሳችን ይመልሰናል። «ፕሪቸር» በጋርዝ ኤኒስና በስቲቭ ዲሎን ኮሚክ ላይ የተመሠረተ፣ ኤኤምሲ ከሜይ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ያሳየው ድራማ ነው። ከሳይንሳዊ ልቦለድ ይልቅ ወደ ተአምርና ወደ አጋንንት ያዘነብላል፤ የመዝጊያው ሥራ ግን ያው ነው። ሩት የተጫወተቻት ቱሊፕ ኦሄር በኮሚኩ ነጭ፣ ባለ ወርቃማ ጠጉር ሴት ናት። ከጓደኞቿ አንዱን፣ ካሲዲን፣ የተጫወተው ደግሞ በ«ሚስፊትስ» ኒኪ ከሞተች በኋላ የገባው ጆሴፍ ጊልገን ነው። ያኔ ሳይገናኙ የተላለፉት ሁለቱ እዚህ ተገናኙ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ አሥር ክፍሎች ሙሉ በቴክሳስ በምትገኝ አንቪል በተባለች ምናባዊ የገጠር ከተማ ውስጥ ተቀመጠ። ተመልካቹ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የከብት ማረጃውን፣ ነዋሪዎቹንና ነገረ ሥራቸውን ለመደ። ጁላይ 31 ቀን በታየው መዝጊያ ከከብት እበት የሚወጣ ጋዝ ተከማችቶ ፈነዳና ከተማይቱ ከነነዋሪዎቿ ጠፋች። አሥር ሳምንት የተገነባው ሁሉ በጥቂት ሰኮንዶች አመድ ሆነ። የተረፉት ሦስቱ ዋና ገጸ ባሕርያት ግን አንዳች አልሰሙም፤ ከፍንዳታው በፊት እግዚአብሔርን ፍለጋ በመኪና ከከተማ ወጥተዋል። የገጠር ከተማ ድራማ የነበረው የመንገድ ድራማ ሆነ።

ሁለተኛው ምዕራፍ በጁን 2017 ሲከፈት መኪናዋ በአውራ ጎዳናው ላይ ትበራለች፤ ፖሊስ ከኋላ ያሳድዳል፤ ሁለቱ ወንዶች እየተጨቃጨቁ ነው። መሪውን የያዘችው ቱሊፕ ናት።